ፀሐይ ላይ የዋለው ሰዓት

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አጋማሽ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ አንዲት ወጣት መሐንዲስ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ በግራር ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ካሳረፈችው ኮምፒዩተር አንድ ቁጥር ታነባለች። ቁጥሩ 14 ይላል። አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዜሮ ነበር፤ 4 ሰዓት ላይ 5፣ 6 ሰዓት ላይ 11 ሆነ። ከፊት ለፊቷ፣ ከተቀመጠችበት ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ መሬቱ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ስንጥቁ በነሐሴ ዝናብ ማግሥት የተከፈተ ነው። የበቆሎ ማሳ አቋርጦ፣ የከብት መንገድ ቆርጦ፣ ከአንድ አባወራ ግቢ አርባ እርምጃ ያህል ቀረብ ብሎ ያልፋል። አንዳንድ ቦታ ሕፃን ይሻገረዋል፤ አንዳንድ ቦታ ጎልማሳ ሰውም ቢሆን ዘሎ የሚደርስበት አይደለም። በግቢው ውስጥ አንድ አዛውንት ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ምራትየዋ በዚያን ሰሞን አራስ ነበረች።

መሐንዲሷ ይዛ የመጣችው መሣሪያ የሳሙና መያዣ የሚያህሉ ሁለት ሣጥኖችን ነው። አንዱ በወዲህኛው ዳር ከግራሩ ሥር፣ ሁለተኛው በወዲያኛው ዳር ሜዳ ላይ በተተከለ ችካል ጫፍ ታስረዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 60 ሜትር ነው። ሁለቱ ሣጥኖች በየአሥር ደቂቃው በራዲዮ ሞገድ እየተነጋገሩ ርቀታቸውን ይለካሉ፤ ሌሊትም ሆነ በዝናብ፣ ሰው ወደ ስንጥቁ መቅረብ ሳያስፈልገው። ይህን መሰሉ ሽቦ አልባ የርቀት መለኪያ ዛሬ በአንዳንድ የእጅ ስልኮችና የመኪና ቁልፎች ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ዋጋው ቀላል ነው። በሚሊ ሜትር ደረጃ የሚለካ የሳተላይት መቀበያ ግን ለእንደ እርሷ ዓይነቱ ትንሽ ጥናት የሚቀመስ አይደለም።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዘመኑ የተከማቸውን ልል የእሳተ ገሞራ አመድና አፈር ውኃ ከሥር እየሸረሸረ ባዶ ያደርገዋል፤ ከባድ ዝናብ ሲጨመርበት ላዩ ይደረመሳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በኬንያ ማይ ማሂዩ አጠገብ ወደ ናሮክ የሚወስደውን መንገድ የቆረጠው ገደል ብዙ የዓለም ጋዜጦችን «አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው» አሰኝቷቸው ነበር። በአመዛኙ የጎርፍ ሥራ እንደነበር የተነገረው ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ነው። ይሁንና መሬቱ እውነት የሚከፈልበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ንጣፍ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግን ሁለቱ ዳርቻዎች የሚራራቁት በዓመት አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ማለት ምድር በተለመደው እርጋታዋ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሚፈጅባትን መንገድ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ሄዳው ዋለች ማለት ነው። ወይም ደግሞ ከሥር ያለው ባዶ ሊደረመስ ተቃርቧል።

መሐንዲሷ ኮምፒዩተሯን ዘግታ ወደ ግቢው ሄደች። አዛውንቱ ከደጃፋቸው ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር።

«አባቴ፣ ዛሬ እዚህ ባታድሩ ይሻላል» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«መሣሪያው የሚለውን ነው የምነግርዎት።»

አዛውንቱ ወደ ማሳው አዩ። በቆሎው ደርሷል፤ አልተሰበሰበም። ብዙም ሳይናገሩ ተነሡ። አራሷ በበቅሎ፣ ሕፃኑ በአያቱ ጀርባ፣ ከብቶቹ ከፊት ሆነው፣ ከመምሸቱ በፊት ወንድማቸው ወዳሉበት ወደ ጎረቤት ቀበሌ ተሻገሩ። ጠባቂ ያልነበረበት ማሳ ውስጥ በዚያች ሌሊት የሰው ከብት ገብቶ አደረ። ሲነጋ ግማሹ በቆሎ አልነበረም።

ሲነጋ አሥራ አራቱም አልነበረም። ቁጥሩ ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ሲወርድ አድሮ 1 ላይ ቆሟል። የተከፈተ መሬት በአንድ ሌሊት ተመልሶ አይገጥምም። መሐንዲሷ ይህን ለማወቅ የመሬት ሳይንስ ምሁር መሆን አላስፈለጋትም፤ የበላው ምሳ ጉሮሮው ላይ እንደቀረ ሰው ሆና ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። ረዳቷን ይዛ በብረት ሜትር ለካች፤ ከመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልኬት ጋር አንድ ሆነ። (የብረት ሜትርም ንጹሕ ምስክር አይደለም። 60 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር አሥራ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል።) ሜትሩም ራዲዮውም በጠዋት ተስማምተዋልና፣ መሣሪያው ደኅና ነው የሚለው እምነቷ ጭራሽ ተጠናከረ። በሜትር የለኩት ሁለቱንም ጊዜ በጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ እንደገና ወደ 13 ወጣ። በስልክ ያማከረችው አንድ የሙያ ባልደረባዋ «መሬቱ ይተነፍስ ይሆናል» አላት። ቃሉ ያምራል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፤ ወደ አባቷም ዘንድ ሄደች።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ ውስጥ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ባለ መስታወት ጠረጴዛቸውን ዘርግተው፣ አጉሊ መነጽራቸውን ዐይናቸው ላይ ሰክተው፣ በወረንጦ ሲለቅሙ ኖረዋል። (ያ በረንዳ በዚያው በ2016 ዓ.ም.፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከፒያሳ ብዙ ቤቶች ጋር ፈርሷል፤ በወቅቱ ግን ገና ነበረ።) ልጃቸው ኤሌክትሮኒክስ ስትማር ክፍያው ከዚያ ጠረጴዛ ወጥቷል። በሙያ ግን ተነጋግረው አያውቁም ማለት ይቻላል። እርሷ ስለ ሥራዋ ስትነግራቸው «እግዚአብሔር ያግዝሽ» ይላሉ፤ እርሳቸው ስለ ሥራቸው አይናገሩም።

የዚያን ቀን በወረቀት ላይ የሠራችውን ሥዕል ዘረጋችላቸው። ሦስት ቀን፣ ሦስት ጉብታ። ጠዋት ዜሮ፣ እኩለ ቀን አልፎ አናቱ ላይ ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል።

«ይሄ እንግዲህ በሰዓት ነው የሚሠራው?» አሏት።

«አዎ አባባ፣ በሰዓት ነው። መልእክቱ ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ ይለካል። በውስጡ ሰዓት አለ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሁለት። በእያንዳንዱ ሣጥን አንድ አንድ።»

«ይስማማሉ?»

እዚህ ላይ መሐንዲሷ ፈገግ ሳትል አልቀረችም። ባይስማሙም ግድ እንደሌለው፣ መሣሪያው የተሠራው ይህን አለመስማማት አስቀድሞ ታስቦበት እንደሆነ ልታስረዳቸው ሞከረች። ያለችውም ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ግማሹ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የተደበቀው በሌላው ግማሽ ውስጥ በመሆኑ ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የራዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል። በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። 60 ሜትሩን ለመሻገር 200 ናኖ ሰከንድ ይበቃዋል። አንደኛው ሣጥን «ይህን ጊዜ ላክሁ» ብሎ ሁለተኛው «ይህን ጊዜ ተቀበልሁ» ቢል፣ ልዩነታቸውን ወስዶ ርቀቱን ማስላት የሚቻለው ሁለቱ ሰዓቶች በናኖ ሰከንድ ደረጃ እኩል የተሞሉ እንደሆነ ብቻ ነው። እንዲህ እኩል የተሞላ ርካሽ ሰዓት ደግሞ የለም።

መፍትሔው የደርሶ መልስ ጉዞ ነው። የመጀመሪያው ሣጥን ይልካል፤ ሁለተኛው ተቀብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ መልስ ይሰጣል፤ «እኔ ዘንድ የቆየው ይህን ያህል ነው» ብሎም ይናገራል። የመጀመሪያው ከላከበት እስከ ተቀበለበት ያለውን ጊዜ በራሱ ሰዓት ይለካል፤ ከዚያ ላይ ተቀባዩ ዘንድ የቆየውን ይቀንሳል፤ የቀረውን ለሁለት ያካፍላል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሰዓት የራሱን መነሻ ከራሱ መድረሻ ነው የሚቀንሰው። አንዱ ከሌላው በስድስት ሰዓት ቢቀድም እንኳ ልዩነቱ ራሱን በራሱ ያጠፋል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊው ጠዋት «2 ሰዓት» ሲል የባዕድ አገር ሰው ሰዓት 8 ይላል፤ ስዋሒሊ ተናጋሪው የናይሮቢ ወይም የዳሬ ሰላም ሰውም በዚያው ቅጽበት «ሳ ምቢሊ»፣ ሁለት ሰዓት፣ ይላል። ልዩነቱ ስድስት ነው፤ ትናንትም ስድስት፣ ነገም ስድስት። አውሮፕላን ያመለጠው መንገደኛ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ አዳማ ስንት ሰዓት ይፈጃል በሚለው ላይ ሁለቱ ሰዓቶች ተጣልተው አያውቁም። በሁለትና በአራት፣ በስምንትና በአሥር መካከል ያለው ያው ሁለት ሰዓት ነውና። የታወቀና የማይለወጥ ልዩነት ገር ነው።

መሐንዲሷ ለአባቷ ያስረዳችው ይህንኑ ነበር። እርሳቸው እየሰሙ ወረቀቱን አላነሡም፤ ጉብታውን በጣታቸው እየተከተሉ ነበር።

«እኔ የጠየቅሁሽ ስንት ይላሉ ብዬ አይደለም። አካሄዳቸው አንድ ነው ወይ ነው። ስንት የሚል ሰዓት መሙላት ማንም ይሞላል። የሚቸግረው የሚዘገየው ነው።» ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ ፀሐይ ላይ ያለው የትኛው ነው?» አሏት።

እርሷ መልስ አልሰጠችም። በአንድ ጊዜ ግራሩ ታያት፤ በወዲያኛው ዳር፣ ቅጠል በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ከረፋድ እስከ ማታ ፀሐይ የሚያቃጥለው ችካልም ታያት።

«ፀሐይ ላይ የዋለ ሰዓት ይዘገያል» አሉ አባቷ። «የመስኮት ሰዓት ይሉታል። ሰው ያመጣልሃል፤ ቤትህ ስታየው ደኅና ነው፤ ሱቁ መስኮት ላይ መልሶ ሲሰቅለው ይቀራል።»

ስለ ሞላ ሰዓት የተናገሩት ለኳርትዝም ይሠራል። በሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ሰዓት ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ክሪስታል ቁራጭ ነው፤ ሰዓቱ ንቅጥቅጡን ይቆጥራል። ክሪስታሉ ንቅጥቅጡ እውነተኛ የሚሆነው በተቆረጠበት ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜ በ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በራዲዮ መሣሪያዎች ውስጥ የተለመደው ክሪስታል ከዚያ በላይ እስከ ሃምሳዎቹ ዲግሪ ሲሞቅ እየዘገየ ይሄዳል። መዘግየቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከሚሊዮን አንድ ወይም ጥቂት። ከሚሊዮን አንድ ማለት በአሥራ አንድ ቀን ተኩል አንድ ሰከንድ ነው። ባለ ሞላ ሰዓት በቀን በአሥር ሰከንድ ብቻ ቢሳሳት ባለቤቱ ሰዓት ሠሪውን መርቆ ይሄዳል።

ታዲያ ይህን የምታህል ኢምንት ነገር እንዴት አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ትሆናለች? ምክንያቱ ያለው ተቀባዩ መልስ እስኪሰጥ በሚቆይበት ጊዜ ላይ ነው። ሁለተኛው ሣጥን መልእክቱን ተቀብሎ፣ አሰናድቶ እስኪመልስ አንድ ሚሊ ሰከንድ፣ የሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ ይፈጅበት ነበር። ለሰው ይህ ምንም ነው። ለሞገዱ ግን ሄዶ ከመመለሻው 2,500 ጊዜ ይበልጣል። አንድ መልእክተኛ ሄዶ ለመምጣት በጠቅላላው አንድ ደቂቃ ብቻ ይፈጅበታል እንበል። የተላከበት ቤት ግን ምሳ ብላ፣ እደር፣ ጠጣ ተብሎ አርባ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቆያል። ላኪው መንገዱን ለማወቅ ሲል ከጠቅላላው ጊዜ ላይ አስተናጋጁ «እኔ ጋ የቆየው ይህን ያህል ነው» ያለውን ይቀንሳል። የአስተናጋጁ ሰዓት ከሚሊዮን አንድ ብትዘገይ፣ ከአርባ አንዱ ሰዓት ላይ 0.15 ሰከንድ አሳንሶ ይናገራል። ያች 0.15 ሰከንድ ቀናሽ አጥታ በመንገዱ ላይ ትደመራለች፤ 60 ሜትሩም በ15 ሴንቲ ሜትር የረዘመ ይመስላል። ፀሐይዋ ስትበረታ ሰዓቱ ይዘገያል፣ ስንጥቁ ይሰፋል። ስትጠልቅ ሰዓቱ ይመለሳል፣ ስንጥቁ ይገጥማል። መሬቱ ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር።

አባቷ የሚጠራጠሩትን ሰዓት የሚመረምሩበት አንድ ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዓቶችን ጎን ለጎን አንጠልጥለው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ቦታ ያለዋውጧቸዋል። ጥፋቱ ቦታውን ከተከተለ የሙቀት ወይም የአቀማመጥ ነው፤ ሰዓቱን ከተከተለ የሰዓቱ ነው። መሐንዲሷ ከዚያው ከበረንዳው ሥር ሆና ለረዳቷ ደወለች፤ ሁለቱን ሣጥኖች እንዲያለዋውጣቸው ነገረችው። እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ረዳቷ ደውሎ፣ «ዛሬ ደግሞ ስንጥቁ በ12 ሴንቲ ሜትር ጠበበ ይላል» አላት፤ ድምፁ የተደናገጠ ነበር። ጠያቂው ፀሐይ ላይ፣ መልስ ሰጪው ጥላ ሥር ሲሆን ስሕተቱ ምልክቱን ለውጦ መጣ። አንድ ቀን አሥራ አራት ሲደመር፣ አንድ ቀን አሥራ ሁለት ሲቀነስ።

ሁለቱን ስሕተቶች እርስ በርስ ማፋጀት የሚቻል መሆኑ ያኔ በወረቀት ላይ ተገልጦ ታየ። በእርግጥ መንገዱ የታወቀ ነው፤ እርሷም በትምህርት ቤት ተምራዋለች። በሁለት መልእክት ፋንታ ሦስት መልእክት ማለዋወጥ፣ ማለትም አንድ ጊዜ አንደኛው ጠያቂ ሁለተኛው መልስ ሰጪ፣ ወዲያው ደግሞ ሁለተኛው ጠያቂ አንደኛው መልስ ሰጪ እንዲሆን ማድረግ ነው። ሁለቱ የደርሶ መልስ ጊዜዎች ይባዛሉ፤ ሁለቱ የቆይታ ጊዜዎችም ይባዛሉ፤ ሁለተኛው ብዜት ከመጀመሪያው ይቀነስና ለአራቱም ድምር ይካፈላል። በዚህ ስሌት የሰዓቱ መዛነፍ በቆይታው ላይ መባዛቱን ትቶ፣ በመንገዱ ላይ ብቻ ይባዛል። መንገዱ ደግሞ 200 ናኖ ሰከንድ ነው። ሰዓቶቹ ከሚሊዮን 20 ቢለያዩ እንኳ በ60 ሜትር ላይ የሚመጣው ስሕተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሌላም መንገድ አለ፤ መቀበያው የሚሰማውን ሞገድ ንቅጥቅጥ ከራሱ ጋር እያነጻጸረ የሌላውን ሰዓት መዘግየት ራሱ ሊገምትና ሊያርም ይችላል። ይህም በሣጥኖቹ ውስጥ ነበረ፤ አልተጠቀመችበትም እንጂ። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን የናሙና ፕሮግራም እንዳለ ጭናው ነበር። ባትሪ ይቆጥባል፣ አጭር ነው፣ ቢሮ ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ሙቀት፣ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ለነገሩ በዚህ መንገድ የተደናቀፈችው እርሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በዚሁ በአህጉራችን፣ ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ዋድሊ እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ያደረገው ቴሉሮሜትር የተባለ መሣሪያ ቀያሾችን ከሰንሰለትና ከብረት ሜትር ገላግሎ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀትን በራዲዮ ሞገድ እንዲለኩ አድርጓል። እርሱም ደርሶ መልስ ነበር፤ በሁለት ተራሮች ጫፍ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው በዚያው ሞገድ እየተነጋገሩ ይሠሩ ነበር። የአየሩን ሙቀት፣ ግፊትና እርጥበት መዝግበው ካላረሙት ግን ልኬታቸው አይታመንም ነበር።

ከሰማይ የሚመጣው ልኬት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የጂፒኤስ ሳተላይት ይናገራል፤ በእጃችን ያለው መቀበያ ይሰማል እንጂ አይመልስም። ጉዞው የአንድ አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ የልዩነቱ ጉዳይ ራሱን በራሱ አይጠፋም። የመቀበያችን ሰዓት በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት የእያንዳንዱ ሳተላይት ርቀት በ300 ሜትር ይሳሳታል። የሚያድነው ነገር ስሕተቱ ለሁሉም እኩል መሆኑ ነው። ያለንበትን ቦታ ለማወቅ ሦስት ርቀት በበቃ ነበር፤ አራተኛ ሳተላይት የሚጨመረው የመቀበያው ሰዓት በስንት እንደተሳሳተ ለማወቅ ነው። የስልካችን ርካሽ ሰዓት በአራተኛዋ ሳተላይት ቸርነት ከአቶሚክ ሰዓት ጋር ይተካከላል።

የአቶሚክ ሰዓቶቹ ራሳቸው ደግሞ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሲዞሩ ይዛነፋሉ። የምድር ስበት እዚያ የደከመ በመሆኑ በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጥናሉ፤ በሩጫቸው ምክንያት 7 ይዘገያሉ፤ ሲጣፋ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማሉ። በዚያ ጊዜ ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1977 ኤንቲኤስ-2 የተባለችው ሳተላይት ስትላክ፣ ማረሚያው ተሠርቶ ተዘግቶ ነበር የተላከው። ሰዓቱ ለሃያ ቀን ያህል ሳይታረም ተተወ፤ በንድፈ ሐሳቡ ከአንድ ትሪሊዮን 446.5 ይቀድማል የተባለው ሰዓት በልኬት 442.5 ቀደመ። ከዚያ ወዲያ የጂፒኤስ ሰዓቶች ወደ ሰማይ ከመላካቸው በፊት ምድር ላይ በዚያው መጠን እንዲዘገዩ ተደርገው ይሞላሉ። አባቷ ይህን ሲሰሙ አልተደነቁም። በኪስ ሰዓት ውስጥ ወደ ፈጣንና ወደ ዝግተኛ የምትገፋ ጥፍር የማታህል ምላስ አለች፤ ሰውየው ቆላ የሚወርድ ከሆነ ጠይቀው ሰዓቱን ትንሽ አፍጥነው ይሰጡት ነበር።

መሐንዲሷ ከስምንት ቀን በኋላ አዲሱን ፕሮግራም ይዛ ወደ ቀበሌዋ ተመለሰች። አንዱን ሣጥን ሆን ብላ እዚያው ፀሐይዋ ላይ ተወችው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቁጥሩ ዜሮ አለ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ፣ ቀጥሎ ዜሮ። ከዚያ በኋላ ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነበር የቀራት፤ ወደ ግቢው መሄድ።

ቤተሰቡ ተመልሶ ገብቷል። አዛውንቱ ከጨረሰች በኋላ ጥቂት ዝም አሉ።

«እንግዲህ ያን ለታ ያልሽኝ ውሸት ነበር?»

«ስሕተት ነበር፣ አባቴ። ሰዓቱን ፀሐይ አዘገየው፤ እኔም አላየሁትም።»

ስለ በቆሎው ካሳ ከኪሷ አቀረበች። አዛውንቱ አልተግደረደሩም፤ ቆጥረው ተቀበሉ። ቆጥረው ሲጨርሱም፣ «ሌላ ቀን ውጣ ብትይኝስ፣ የቱን አምኜ ልውጣ?» አሏት። ጥያቄው የቁጣ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ፣ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ፣ ይኸው ጥያቄ በስንት ደጃፍ እንደተጠየቀ መገመት አያዳግትም። አንድ ጊዜ በከንቱ የወጣ ሰው ሁለተኛ ለመውጣት እግሩ ይከብዳል። መሐንዲሷ የቻለችውን መለሰች፤ ከእንግዲህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በስንት ሊሳሳት እንደሚችልም አብራ እንደምትነግራቸው ቃል ገባች። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማመናቸው ይሁን አለማመናቸው አልታወቀም።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተተክሎ፣ በመካከላቸው የቃጫ ገመድ ተወጥሮ አገኘች። አዛውንቱ የራሳቸውን መለኪያ ሠርተዋል። ጥቂት ቀን ቆይተው ግን ተቸግረው ጠየቋት። ገመዱ ጠዋት እንደ ክራር ይወጠራል፤ እኩለ ቀን ላይ ይላላል፤ ስንጥቁ ሌሊት እየሰፋ ቀን እየጠበበ ነው ወይ? መሐንዲሷ ሳቀች፤ ከዚያም አፈረች፤ ከዚያም አስረዳቻቸው። ቃጫ ጤዛ ሲጠጣ ይኮማተራል፤ ሲደርቅ ይረዝማል። አዛውንቱም ሳቁ። «ያንቺ በፀሐይ፣ የእኔ በጤዛ» አሉ።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ሁለት ቀን ያለማቋረጥ ከዘነበ በኋላ፣ ሣጥኖቹ 3 ሴንቲ ሜትር አሳዩ። ሌሊትም ሦስት፣ ጠዋትም ሦስት፣ ፀሐይ ወጥታ ችካሉ ከጋለ በኋላም ሦስት፤ በማግሥቱ አራት። መሐንዲሷ ከአዲስ አበባ ሆና ደወለች። ስልኩን ያነሡት ራሳቸው አዛውንቱ ነበሩ። ቁጥሩንና በስንት ሊሳሳት እንደሚችል እስክትጨርስ አላስጠበቋትም።

«አውቄዋለሁ፣ ልጄ። ከብቶቹን ልኬአለሁ፤ ማሳው ላይም ሁለት ልጆች ትቼአለሁ። ገመዱን ያየሁት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ደርቆም አልላላም።»